የውርጭ መፋቂያ

ስልኩ ሲጠራ ጎማ እየፈታሁ ነበር፣
ግራሶ በነካው እጄ፣ ከአስፋልቱ ዳር።
«አቶ ሸዋንግዛው? ከባንክ ነው» አለች፣
ድምፅዋ ቀጭን ነው፣ ገና ልጅ ነች።
«ከባንክ» የሚል ቃል ሰባት ዓመት ሙሉ
ሆዴን ሲቆርጠኝ ነው፤ ጉልበቶቼ ዛሉ።
ጎማው ላይ ተቀመጥኩ።
«እንኳን ደስ ያለዎት፤ ካርድዎ ጸድቋል፣
ወርቃማው ደረጃ፤ ቅዳሜ ይደርሳል።»

ጸደቀ ሲባል እኔ የማውቀው
ለባሕር ዛፍ ችግኝ፣ ሥር ይዞ ለቆመው፣
ለእናቴም ነፍስ፣ ቄሱ ሲያጽናናን ነው።
የወረቀት ጽድቅ ግን ያን ቀን ሰማሁ፤
«የቱ ሸዋንግዛው?» አልኩ፣
በስሜ የሚጠራ ሌላ ሰው መስሎኝ አጣራሁ።

ያኔ ሽንኩርት ነበር።
ሸዋሮቢት ወርጄ፣ ገና በማሳው ሳለ፣
በባንክ ብር ገዛሁት፣ ዋጋው እየዘለለ።
ከዚያ ሁሉም አወጣ፣ በአንድ ሳምንት፣ ሁሉም።
ሃያ ሁለት ብር የነበረው ሦስት ገባ፣ የሚያነሳው ጠፋ፣
በላዩ ዝናብ ጣለ፣ መጋዘኔ ከረፋ።
ሽንኩርት ሲከተፍ ያስለቅሳል ይላሉ፤
ሲበሰብስ ያላዩ ናቸው እንዲህ የሚሉ።

ሐራጁ ተለጠፈ፤ ስሜ ከነአያቴ፣
ኢሱዙው፣ ሱቁ፣ ጠባሴ ያለው ቤቴ።
ሰው ቆሞ ያነባል። እኔም ቆሜ አነበብኩ፣
እንደ ሌላ ሰው ጉድ ከንፈሬን መጠጥኩ።
አሰለፈች ድስቶቿን ቆጠረች፤
አልተመዘገቡም፤ እነሱን አተረፈች።

ዋሴ ወንድይፍራው ነበር፣
ደብረ ሲና፣ ከጭጋጉ ሥር፣ ቆሎ የሚሸጠው።
«ሰው ሰውን ካላመነ» አለ፣ ሳያነብ ፈረመ፤
በእኔ ሽንኩርት ሰበብ የእሱ በር ታተመ።
አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።
ልቅሶ ቤት ስንገናኝ ወንበር ይለቅልኛል፤
«ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ብሎ ይጠይቀኛል፤
ያ ደግ ጥያቄ እስከ ዛሬ ያመኛል።

አምስቱን ዓመት ነዳሁ የሰው መኪና፣
በጣርማበር ዋሻ፣ በጭጋግ ጎዳና።
ሁለቱን ደግሞ በራሴ፣ የቢራ ገብስ ለብቅል ፋብሪካ።
የመጨረሻዋን መቶ ብር ስከፍል ገንዘብ ያዡ ቀና አላለም፤
ማኅተሙን ዷ! አደረገው፤ ሌላ ነገር የለም።

ቅዳሜ ጫማዬን አስጠርጌ ሄድኩ።
ካርዱን በሁለት እጇ ሰጠችኝ፣
«አውሮፕላን ጣቢያ ልዩ ማረፊያ አለዎት» አለችኝ።
አውሮፕላን የማውቀው ከታች ወደ ላይ ነው፣
እህል ስንወቃ፣ ነጭ ጭራውን ሲጎትት፣ አንገት አቅንተን ስናየው።
«የት የት ይሠራል?» አልኳት። «በዓለም ሁሉ» አለች።
ከተማችን ላይ ግን የማውቃት ማሽን አንዲት ናት፣
ሆቴሉ ውስጥ፤ እሷም ተበላሽታለች።

ለፊርማ አጎነበስኩ። ፎርሙ ሁሉን ጠየቀ፦
ገቢዬን፣ ትዳሬን፣ ዕዳዬ እንዳለቀ።
«አልቋል» ብዬ ጻፍኩ።
ስለ ወንድይፍራው በር የሚጠይቅ መስመር ፈለግሁ፣
ገጹን ገለበጥኩት፤ ከጀርባውም አጣሁ።
የካርዱ ጣሪያ ሁለት መቶ ሺህ ብር፤
ቤቱ ያኔ የተሸጠው በዚሁ ነበር፣ በዚሁ ቁጥር።
ዛሬ በዚህ ገንዘብ የሚገዛው ቆርቆሮው ነው፣
ግፋ ቢል በር።

ሰኞ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት። የኅዳር ውርጭ።
መስታወቱ እንደ ታመመ ዓይን ሞራ ለብሷል፤
ጨርቄ ደርቆ እንጨት፣ ውሃው በረዶ ሆኗል።
ኪሴን ዳበስኩ። ካርዱ አለ።
በጠርዙ ፋቅሁት፤ ክርር፣ ክርር።
ከስሜ ፊደላት መሃል በረዶው ተሰገሰገ፣
የእጄ ሙቀት ነክቶት ወደ ውሃ አደገ።
አሰለፈች ነጠላዋን ተከናንባ ከበሩ፣
«በምንድነው የምትፍቀው?»
«በወርቅ» አልኳት።
«እንዳይሰበር» አለች፣ ገባች።

ወንድይፍራው ጎህ ሳይቀድ ነው የሚከፍተው።
ምን እንደምለው አላውቅም።
ብድር በምድር ይላሉ፤
ምድር የምትባለው የት ጋ እንደሆነች አይናገሩም።
መዳፍ የምታህል መንገድ ከፍቻለሁ፤
የቀረው ሞተሩ ሲሞቅ ይቀልጣል።
በዚያች ቀዳዳ እያየሁ፣
ቀስ ብዬ፣ ቁልቁል ነዳሁ።