ሞክሼ

ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፤ ነፋስ የለም ገና፣
እንደ ፈሰሰ ዘይት ተኝቷል ጣና።
ባንቻምላክ ወረደች ጫማዋን አውልቃ፣
የልኬት ሰሌዳው ከቆመበት ዘልቃ፤
ቁጥሩን ደወለችልኝ፣ እኔም አስገባሁት፣
ልኬት የሚባለውን ፕሮግራም ጠራሁት።

ማሽኑ፦ ሐይቁ ሞልቷል፣ በስንዝር ጨምሯል።
እሷ፦ ምን ይጨምራል! ድንጋዩ እኮ ደርቋል፤
ትናንት የረገጥኩት ዛሬ አቧራ ለብሷል።

ልኬትን ከፈትኩት፣ የገዛ እጄን ጽሑፍ፣
መስመር በመስመር ሄድኩ አንዱንም ሳላልፍ።
ስንዝር የሚጨምር ምንም ነገር የለም።
ቀነስኩ፤ አስቀመጥኩ፤ አስኬድኩት ደግሞም፤
ያው ቁጥር። አሥር ብቀንስ፣ መቶ ብቀንስለት፣
ያው ቁጥር መለሰ፣ ደንታም ሳይኖርበት።

በመጨረሻ ሆን ብዬ አበላሸሁት፤
ከመሐሉ ገብቼ "አህያ" ብዬ ጻፍኩበት።
መሰናከል ነበረበት።
አልተሰናከለም።
የተሰደበ ሰው ቢያንስ ቀና ብሎ ያያል፤
ይሄ አልሰማኝም።
ያኔ ገባኝ፦
የምቆጣው ሌላ፣ የሚሠራው ሌላ።

በእኛ አገር፣ በአቸፈር፣ ስም ብቻ አይበቃም።
ይሁኔ ብለህ ስትጣራ ሦስት ይሁኔ ይወጣል፦
አንዱ ከላይ ቤት፣ አንዱ ከወንዙ ማዶ፣
ሦስተኛው ሳትፈልገው ቀድሞ አቤት ይላል።
ማሽንም እንዲሁ ነው። ልኬትን ጥራልኝ ስትለው
በተሰጠው መንገድ በር እየቆጠረ ይሄዳል፤
ስሙን ካገኘበት ከመጀመሪያው ደጃፍ ይቆማል፣
የአባቱን ስም አይጠይቅም።

እኔ ግን ጠየቅኩ፣ እንደ አገሬ ደንብ፦
መገኛህ ወዴት ነው?
ከልኬት ስም ቀጥሎ ነጥብ፣
ከነጥቡ ቀጥሎ ፋይል የሚለውን ቃል አስተኛሁ፤
በግራው ሁለት ሰረዝ፣ በቀኙ ሁለት ሰረዝ፣
ለታንኳ እንደተጋደመ ደንገል።

መልሱ መጣ ረጅም፣ በዘመሙ መስመሮች የተከፋፈለ፣
እንደ አድራሻ እየጠበበ፦
ከሥሩ፣ ወደ ቤቱ፣ ከቤቱ ወደ ጓዳ፣
የድሮ ሰነድ፣ አይነካ፣ ደሳለው፣ ልኬት።

ደሳለው። ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረ፤
የደረቀ እስክሪብቶውን ከመሳቢያው ያገኘሁት።
ፋይሉን ከፈትኩ። ከላይ፣ ማሽኑ የማያነበው፣
ለሰው የተተወ መስመር አለ፦
"ሰሌዳውን ጀልባ ነቅሎታል፤ ከፍ ብሎ ተተክሏል።
እስኪቃና ድረስ ስንዝር ጨምሩበት። አደራ።"

ሰሌዳው ከተቃና አራት ክረምት አልፏል።
በቃ ያለው ሰው ግን የለም፤
ጓዳ ተቀምጦ ቆይቶ፣
ማክሰኞ መብራት ሄዶ ሲመጣ
የድሮው መንገድ ከአዲሱ ቀድሞ ተሰለፈ፤
እሱም ካቆመበት ተነሣና
በታማኝነት ስንዝሩን መጨመር ጀመረ።

ባንቻምላክ ገባች፣ የሱሪዋ ጫፍ እየተንጠባጠበ።
ደሳለው የት ነው? አልኳት።
እንጃ፣ አለች። ጎርጎራ ነው ይላሉ፤
በአገጯ መስኮቱን አሳየችኝ፣
ከመስኮቱ ማዶ ውሃ፣ ከውሃው ማዶ ውሃ።

ፋይሉን አላጠፋሁትም።
ሁለት ሞክሼ ባንድ ቤት ሲያድር
እንደሚደረገው አደረግኩለት፦
ልኬት ደሳለው አልኩት፣ ባባቱ ስም።

ከዚያ እንደገና፣ ልኬት! ብዬ ተጣራሁ።
የእኔው ብድግ አለ፣ ሁለት እርምጃ ሄደ፣
"አህያ" ላይ ሲደርስ ተደናቅፎ ወደቀ።

እንዴት ደስ አለኝ።