የቆምክበት ቀለም

ከስካርቮይ ደሴት፣ ከሰሜን ኖርዌይ ባሕር፣
አንድ ማማ አለ፣ በሦስት ቀለም የሚያድር።
አምፖሉ አንድ ነው። መስታወቱ ግን ሦስት፤
በምዕራብ አረንጓዴ፣ በምሥራቅ ቀይ እሳት፣
መካከሉን ነጭ ጭረት፣
ለጀልባ የሚሆን ጥልቅ ውኃ ያለበት።

ጉንቮር ትጠብቀዋለች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ፤
በጨርቅና በአልኮል መስታወቱን ስትወለውል
ለጠየቃት ሁሉ መልሷ እንዲህ፦
«መብራቴ ስለ ራሱ መች አውቆ ይናገር?
የሚነግርህ አንተን ነው፣ የቆምክበትን ባሕር።»

በታኅሣሥ፣ አንድ ሌሊት
(ሌሊት ካልን፤ ቀኑም ሌሊት ነው በዚያ አገር)
ሁለት ጀልባ ወጣ፣ ዓሣ ሊያጠምድ፣ በአንድ መረብ፣ በአንድ ምክር።
አንዱን ኦድቫር ይዞታል፣ ከታናሽ ወንድሙ ከአይቪን ጋር፤
ሁለተኛውን ቶርላይፍ፣ ብቻውን፣ ያለ አጋር።
ሲነጋ (ሰዓቱ ነጋ ስላለ) ስካርቮይ የቆጠረችው
አንድ ጀልባ ነበር፤ ከሦስት ሰው፣ ሁለት ሰው።

አይቪን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።
አዲስ ጓንት ነበረው፣ እናቱ የሠራችለት በሱፍ ክር።
አንዱ ብቻ ተገኘ።

መርማሪው ከከተማ መጥቶ በዓሣው መጋዘን ተቀመጠ፤
«መብራቱ ምን ቀለም ነበር?» ብሎ ወረቀቱን ገለጠ።
ቶርላይፍ «አረንጓዴ» አለ። ማለ።
ኦድቫር «ነጭ» አለ። ማለ።
ሁለቱም ጎን ለጎን ነበርን ባይ ናቸው፤
መንደሩም ለሁለት ተከፈለ።
ነጩ ላይ ቋጥኝ የለም፤ ወይ ሰውየው ዋሽቷል፣ ወይ መብራቱ፤
ጉንቮር በሩ ጥግ ቆማ ሰማች፣ ከጠዋት እስከ ምሽቱ።
እነ ቶርላይፍ «ነጭ ውሸት!» አሉ፤ እነ ኦድቫር «የቀናተኛ ወሬ»፤
መምህሩ ደግሞ፣ መጽሐፍ የበዛበት፣
«ለእያንዳንዱ የየራሱ እውነት አለው፤ ይብቃን ክርክሩ ለዛሬ።»

ይህ ሰላም ይመስላል። ይጣፍጣል። ያስተኛል።
የአይቪንን እናት ግን ማን ያስተኛታል?

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል በእኛ፤
ንጋት እዚያ ሁለት ወር ሙሉ ቢተኛ
እውነትስ ምን ትሁን? ቁጭ ብላ ትጠብቀው? አብራው ትተኛ?

ጉንቮር አልጠበቀች። በማግስቱ ማታ
ትንሿን ጀልባዋን ወደ ውኃ ገፍታ
ሁለቱን ጠራቻቸው። ክርክር የለም። ስድብ የለም።
ኦድቫር ከፊት፣ ቶርላይፍ ከኋላ፤ የሚተዋወቁ አይመስሉም።
በምዕራብ ዞረች፣ አረንጓዴ ሆነ፤ ቶርላይፍ ራሱን ነቀነቀ።
መካከሉን ገባች፣ ነጭ ሆነ፤
«ይኸው!» አለ ኦድቫር፣ ጉሮሮው እየደረቀ።

እሷ መቅዘፏን አላቆመች።
ጥቂት፣ ጥቂት ብላ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ስትል
ነጩ ደም እንደ ነካው ወተት ቀላ፣ ቀላ፣ እስኪመስል
የተከፈተ ቁስል።
ከሥራቸው፣ አንድ ክንድ በታች፣ ቋጥኙ ውኃውን ሲያኝክ ተሰማ፤
ቋጥኝ የማንንም ዕይታ አይጠይቅ፤ ቀን አይል፣ አይል ጨለማ።

ኦድቫር ዝም አለ። ብዙ ዝም አለ።
ከዚያ፣ የሌላ ሰው በሚመስል ድምፅ፦
«ቀይ ነበር» አለ። «አይቪን ነግሮኝ ነበር፣ ‹ቀይ ነው› ብሎኝ ነበር።
ደክሞኝ ነበር። ቤቴን፣ አልጋዬን... ነጭ እንዲሆን ፈለግሁ፤
ስለ ፈለግሁም አየሁ።
መርማሪው ፊት አልዋሸሁም፤ ያየሁትን ነው የማልሁ።»

ቶርላይፍ ጓንቱን አወለቀ።
ምን እንደሚያደርግበት ጠፋው፤ መልሶ አጠለቀ።

አምፖሉ ነጭ ነው፤ ማንም ሳያየው ነጭ ነው፤
ቀዩም ቀይ ነው፣ እዚያ ለቆመ ሰው።
ከሁለቱ አንዱም አልገደለም።
የገደለው፣ እዚህ ቆሞ «እዚያ ነኝ» ማለት ነው።
ይህን ጉንቮር አልተናገረችም፤ እኔ ነኝ ያልሁት፣
ከደረቅ መሬት፣ ቋጥኝ ከሌለበት።

መርማሪው ወረቀት ላይ «አልተረጋገጠም» ይላል እስካሁን።
የአይቪን እናት ቤት ከኮረብታው ጀርባ ነው፤
ከመስኮቷ ቀዩም፣ ነጩም፣ አረንጓዴውም አይታይ።
አንዱን ጓንት አጥባ ሰቅላዋለች፣ ከምድጃው በላይ።