ፍራሽ ማንሳት

ጌንት፣ ከወንዙ ዳር፣ ጡብ ጡቡን ተደግፎ ከቆመው ቤት ተርታ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ የማንኳኳው በር አለ፤ ደም ግፊት ልለካ፣ ላወራ ላፍታ።
ጎደሊቭ ትባላለች፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ፤
«አንቺ በይኝ» ብላ አንቱታዬን ያስጣለችኝ ገና የመጀመሪያው ቀን ነው፣ በቁጣ።
በሩን ሳትከፍትልኝ ሳሏ ነው ቀድሟት የሚወጣ፣
«እንደምን አደርሽ» ሳልል «ደህና ነኝ» ሊል የሚመጣ።

ዓይኗ ቀይ፣ አፍንጫዋ ቀይ፣ እጅጌዋ ውስጥ የተወተፈ መሐረብ፤
«ሌሊት ነው የሚብስብኝ» ትላለች፤ «ጋደም ስል፣ ኦክታፍን ሳስብ።»
ባሏ ከሞተ ሦስተኛ ክረምቷ ነው፤ እኔም አመንኳት፤
እንባን መታወቂያ አይጠይቁት፤ ሌላ መሐረብ አቀበልኳት።

ቤቱ ግን እኔንም ያስነጥሰኛል።
መስኮቷን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ አትከፍትም፤ «ጋዝ ተወዷል» ትላለች፣
እርጥብ ልብሷን ማሞቂያው ላይ፣ የወንበሩ ትከሻ ላይ ትሰቅላለች።
ግድግዳው ያልበዋል። መስታወቱ ያልበዋል።
ቦርሳዬ ውስጥ ያለ ትንሽ መለኪያ እርጥበቱን «ሰባ አራት» ይለዋል።

ኋላ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ክንዷን ዘረጋች እንደ ሰሌዳ፤
በእስክሪብቶ ቁጥር፣ በየቁጥሩ ጠብታ፣ በየጠብታው መርፌ ጫር አደረገ ቆዳ።
የዛፍ ብናኝ፣ ዝም። ሣር፣ ዝም። የድመት ጠጉር ዝም አለ።
ሰባተኛው ብቻ ቀላ፣ አበጠ፣ ምስር አከለ።

«የአቧራ ቅንቅን» አለ ሐኪሙ፣ ወንበሩን ወደ እኛ አዙሮ፤
«ዓይን የለውም፤ ስምንት እግር አለው፤ ፍራሽና ትራስ ውስጥ ነው የሱ ኑሮ።
እንደ ትኋን አይነክስም፤ ደም አያምረውም፤
ከረገፈ ቆዳችን ሌላ ብዙም አያሻውም።
ውሃ አይጠጣም፤ ከእርጥብ አየር ይስባል።
የሚያስልዎት ኩሱ ነው፤ ትራስዎን ሲነኩ ይነሳል፣ ከትንፋሽዎ ጋር ይገባል።»

ጎደሊቭ ሳቀች። «እኛ የፈትል ፋብሪካ ልጆች ነን፤ አቧራ ነው ያሳደገን፤
አብልቶ፣ አልብሶ፣ ድሮን ሲያበቃ፣ ዛሬ ነው የከዳን?»

ትራም ውስጥ ግን ዝም አለች። ድልድዩ ጋ ስንደርስ፣ ወደ መስኮቱ ዞራ፦
«የረገፈ ቆዳ ነው ያለው? እሱን ነው የሚበሉት?
ታዲያ የኦክታፍን… እስካሁን አልጨረሱት?»

ያጠናሁበት መጽሐፍ ላይ ይህ ጥያቄ የለም፤ ፈተና ላይም አልመጣም፤
«አላውቅም» አልኳት። እጇ ከእጄ፣ እስክንወርድ ድረስ፣ አልወጣም።

ለካ የትራሱን ልብስ አጥባው አታውቅም።
«በስልሳ ዲግሪ ይታጠብ» ተብሏል። ስልሳ ዲግሪ ለሽታ አያዝንም።

ያኔ ነው የነገርኳት፦ «በእኛ አገር ሰው ሲሞት ፍራሽ መሬት ይነጠፋል፤
ለቀስተኛው ይቀመጥበታል፤ በሦስተኛው ቀን ግን ይነሳል፣ ይራገፋል።
ሐዘኑ አልቆ አይደለም።»
«ሦስት ቀን?» አለች፤ «አጭር ነው።» «አጭር ነው» አልኳት።
«እኔ ሦስት ዓመት ተቀመጥኩበት» አለች። ዝም አልኳት።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ፣ ከጎረቤት ልጅ ከሴፔ ጋር ሆነን፣
በጠባቡ ደረጃ፣ ግድግዳ እየታከክን፣ ፍራሹን ይዘን ወረድን።
በግራ በኩል ጎድጉዷል፤ ትከሻ፣ ዳሌ፣ የተጠማዘዘ ጉልበት፤
ሴፔ በዚያ በኩል ሊይዝ ሲል «ቀስ!» አለችው፣ የተኛ ሰው እንዳለበት።
የማዘጋጃ ቤቱ መኪና መጣ፤ ወሰደ።
መስኮቱን ከፈተችው። ብርዱ ሳያንኳኳ ገባ፣ ክፍል ለክፍል ሄደ።
የትራሱን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ከታ፣ ክቧ መስታወት ፊት ወንበር ስባ፣
እስኪያቆም ድረስ አየችው፣ ሲሽከረከር፣ አረፋ ሲገባ።

አሁን ማክሰኞ ሳንኳኳ ሳሏ አይቀድማትም፤ ቁልፉ ነው የሚሰማኝ።
ጨርሶ አልተዋትም። ምንጣፉን «አይነካም» ብላ ሞግታ አሸንፋኛለች፤ ደከመኝ።
መለኪያው አርባ ስምንት ይላል፤ አንሶላው አዲስ ነው፤ መስኮቱም ክፍት።
ዛሬ ግን፣ ሻይ ስትቀዳ፣ ዓይኗ ሞላ፤ ድንገት።
አላስነጠሳትም። አላሳላትም። ዝም ብሎ ወረደ፤
ስሙን ሳልጠይቀው ነገረኝና ሄደ።