ወጪ በር

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት፣
ጣሊያን ከሠራው ፎቅ፣ ደረጃው ከሚያቃስትበት፣
የሰሊጥ ነጋዴ ሒሳብ ያዥ ነኝ።
ሰኞ አለቃዬ ፍላሽ ይዞ መጣ፤ «ይሄን ጫኝ» አለኝ።
«ሌባ በዝቷል» አለ፣ «በሽቦ የሚመጣ፣
ቁልፍ ሳይሰብር ገብቶ፣ ሳይታይ የሚወጣ።»
ጫንሁት። ከማያው ጥግ ጋሻ በቀለ፣
አረንጓዴ ጋሻ። «ተጠብቀሻል» አለ።

ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ይመጣል፣
የሚሄደው አይሄድም።
የባንክ ማስታወቂያ፣ ያልቆረጥሁት ሎተሪ፣
የወንድሜ የጓንጉል፣ ከደብረ ማርቆስ፣ አንዲት መስመር፦
«የአዘዞውን ቤት ሸጥሁት።»
ሁሉም ይገባል።
የእኔ ከሳጥኑ አፍ ላይ ቆሞ ይሽከረከራል።

ከመተማ አቶ ሽባባው ይደውላል፣ ድምፁ እንደ ወፍጮ፦
«ወይዘሮ አንጓች፣ ደረሰኙ እኮ አልደረሰኝም!»
«ልኬዋለሁ» እላለሁ። አልዋሸሁም።
ልኬዋለሁ፤ አልሄደም እንጂ።

የይለፍ ቃሉን ደግሜ ጻፍሁ፣ በሁለት ጣት።
ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት።
የመስመሩን ሣጥን ከግድግዳ ነቅዬ
እስከ ሠላሳ ቆጠርሁ፣ እንደ ድብብቆሽ ልጅ።
ቴሌ ደወልሁ፤ ሙዚቃ አሰሙኝ፣
«መስመሩ ደኅና ነው» ብለው ዘጉብኝ።
ማያው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያውቃል፦
«ሰርቨሩ አልመለሰም፤ ጊዜው አልፏል።»

ሐሙስ፣ ማንደፍሮ ከማራኪ በባጃጅ መጣ፣
አውራ ጣቱ ላይ የብየዳ ጠባሳ ያለበት።
አንድ ነገር ጠየቀ፦ «ሰሞኑን ምን አዲስ ገባ?»
ጋሻውን አሳየሁት። ሳቀ።
«በረኛሽ ነዋ! ገቢውን ይዳብስ፣ ደግ፤
ወጪውንም ያዝ ያዝ ያደርጋል።
ሃያ አምስተኛውን በር ዘግቶ ቁልፉን ውጦታል።
በአምስት መቶ ሰማንያ ሰባተኛው እንሞክር።»
«ስንት በር ነው ያለው?»
«ከስልሳ ሺህ በላይ።»
በመስኮቱ የፋሲል ግንብ ይታየኛል።
አሥራ ሁለት በር ለነጋሢ በቅቶት ነበር፦
ለዳኛው ወምበር በር፣ ለሙት ተዝካሮ በር፤
ርግብ በር የሚሉትም አለ፣
ልጅ ሳለሁ ደብዳቤ ሁሉ በዚያ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

«ወጪ መልእክት ፈትሽ» ከሚለው ላይ ምልክቱን አነሳ።
ቁጥሩን ቀየረ። ሳጥኑ ተነፈሰ።
አሥራ ሰባት። አሥራ ስድስት። አሥራ አምስት።
አጨበጨብሁ እንኳ።
አሥራ አንድ ላይ ነው ትዝ ያለኝ፣
ማክሰኞ አምሽቼ፣ ብቻዬን፣ እዚሁ ወንበር ላይ፣
«ጓንጉል» ብዬ ጀምሬ
«ከዛሬ ወዲያ እህት የለህም» ብዬ የጨረስሁት።
ረቡዕ ጧት አለመሄዱን ሳይ እፎይ ብዬ ነበር፤
ልሰርዘው ስል ደንበኛ ገባ፣
ረሳሁት።

ሽቦውን ነቀልሁ።
«ምነው!» አለ ማንደፍሮ።
አንድ ቀርቷል። ጎንበስ ብዬ አየሁ፦
የአቶ ሽባባው ደረሰኝ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤
የእኔው አፋፉን ወርዶ ዓባይን ተሻገረ።
ያ የረገምሁት በረኛ
ሁለት ቀን ሙሉ አፌን ይዞልኝ ነበር ለካ፣
ገንዘብ ከፍዬ እጁን አስለቀቅሁት።

ሽቦውን መለስሁ። ደረሰኙም ሄደ።
ማንደፍሮ ሁለት መቶ ብሩን ተቀብሎ ወረደ።
እኔ ገቢውን በር ስጠብቅ ዋልሁ፣ አደርሁ፣ ዋልሁ።
ባንክ። ሎተሪ። ባንክ።
ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልዘጋ ስል፣ አንዲት ቃል ገባች፦
«ደረሰኝ።»
አቶ ሽባባው ነው ብዬ መዝገቡን ገለጥሁ፣
ምልክት ላደርግ እስክሪብቶ አነሳሁ፣
ከዚያ የላኪውን ስም አየሁ።