እጀታ የሌለው ጥላ

ጥላ ሰፊ ሰው ነኝ፣ አራዳ ነው ሱቄ፣
ከፋይና ዘርፍ ነው የዕድሜ ልክ ስንቄ።
ታኅሣሥ ተጋምሶ፣ ሥራዬ ሲበዛ፣
መምህርት አትጠገብ መጣች ካርቶን ይዛ።

«ምንድነው?» ብላት፣ ድምጿን ሳትቀንስ፣
«ሮኬት ነው» አለችኝ፣ «ወጥቶ የሚመለስ።»
ካርቶኑን ከፈተች፤ የወረቀት ቱቦ፣
የፕላስቲክ አፍንጫ በጥጥ ተከብቦ፣
ሦስት የጣውላ ክንፍ፣ ቀለበት፣ ሲባጎ፣
የላከው ሰው ልኳል ሁሉን ሙሉ አድርጎ።
ግን ትምህርት ቤት ስቶር ዓመት ተቀምጦ፣
ጨርሶታል አይጡ ጃንጥላውን ቆርጦ።

«ሲወርድ እንዳይከሰከስ ስፋልኝ» አለችኝ፣
በጠመኔ ስላ ስምንት ቅድ አሳየችኝ።
ስምንት ቅድ፤ የእኔው ልክ፤ የታቦቱ ጥላ
በዚሁ ነው የሚቆም፣ የለው ብልሃት ሌላ።
ግን ከታቦት ትርፍራፊ አንዲት ስንዝር ጨርቅ
ለጨዋታ አልሰጥም፤ ይኼ ከእኔ ይራቅ።
ቤት ገብቼ ማታ የሠርጌን ካባ አወጣሁ፣
አስኳል የመሰለ ገበሩን ተረተርሁ፤
ለሚስቴ ሳልነግር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄ ሙጫ ሙጫ ሸተተ።
ሰጠኝ የሚሉት ልጅ፣ ዝምተኛው፣
ቱቦውን የሱቁ መቃን ጥግ አስጠግቶ
ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ፣ ክንፍ የሚቆምበት።
ሁለቱን ሙጫ በክብሪት እንጨት አማስሎ
ክንፉን ሲለጥፍ ትንፋሹን ዋጠ፣
እኔ የመጨረሻዋን ዘርፍ ስቋጥር እንደማደርገው።

ደርቆ ሲያልቅ ወገቡን በሲባጎ አስረው
በአናታቸው ዙሪያ አሽከረከሩት፤ ተንገዳገደ።
«ከባዱ ከፊት ይሁን፣ ነፋስ የሚይዘው ከኋላ»
አለች አትጠገብ፤ አፍንጫው ውስጥ አሸዋ በሙጫ ጨመረች፤
ያኔ ቀስት ሆነ፣ ቀጥ ብሎ ዞረ።
አማቼ ትዝ አሉኝ፤ ዝም አልሁ።

ጥምቀት አለፈ። ጥላዎቼ ወጥተው ገቡ።
ደብዳቤው ግን ሦስት ማህተም እስኪያገኝ፣
ከቀበሌ ፖሊስ፣ ከፖሊስ አዘዞ፣
የአውሮፕላን መንገድ ነውና፣
ጥር አለቀ።
«መሣሪያ ነው?» ያላለን ሰው የለም።
የአትጠገብ መልስ ለሁሉም አንድ፦ «ወረቀት ነው።»

ደምቢያ ሜዳ፣ ጤፉ የታጨደበት፣ መሬቱ የተሰነጠቀበት።
ሞተሯ አንዲት ናት፤ የሻማ ጉማጅ ታክላለች።
በብረት ዘንግ ላይ አቆሙት፤ ሠላሳ እርምጃ ሸሸን፤
ልጆቹ ቆጠሩ፤ አትጠገብ ቁልፉን ተጫነች፦
ዝም።
ደግማ ተጫነች፦ ዝም።
ባትሪው ደክሟል። ባዬ፣ ያመጣን ባለባጃጅ፣
እያጉረመረመ የባጃጁን ባትሪ ፈታ።

ከዚያ አዲስ አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማ ድምፅ፣
ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ባንድ ትንፋሽ።
መርፌ ነበር፤ ጭሱ ክሩ፤
ሰማዩን ወግቶ አለፈ፣ ሳይቋጥር።
ከዚያ ጠፋ። ጸጥ።
አንድ… ሁለት… ሦስት…
(ስፌቴን በልቤ ቆጠርሁ፤
አምስተኛው ቅድ ላይ ክሩ ተበጥሶብኝ ነበር።)
ጧ!

ተከፈተ ካባዬ፣ ብጫ ሆኖ በሰማይ፤
ሠላሳ ዓመት ጥላ ሰፋሁ፣ አንዱንም ከሥሩ ሳላይ፤
ከሥር መቆም የታቦት ነው፣ የካህናት ነው ማዕረጉ፣
እኔ ከመንገድ ዳር ነኝ፣ ከሩቅ ነው የማየት ወጉ።
ይኼኛው ግን ያለ እጀታ፣ ማንም ሳይሸከመው፣
ወደ እኔ ሲወርድ፣ ፀሐይ በጨርቁ አልፋ ስትስመው፣
ስምንቱን ስፌቴን ከውስጥ አየሁ።
አምስተኛውም ይዟል።

ነፋሱ ሽምብራ ማሳ ውስጥ ጣለው።
አንድ ክንፍ ተሰብሯል። ባለማሳው፣ አያ ጓዴ፣
ገበሩን በሁለት እጁ ይዞ ጠበቀን፤
መጀመሪያ ወደ ላይ አየ፣ ከዚያ እኛን፦
«ጥላው ይኸው፤ የተጠለለው የት ወደቀ?»
ማንም አልመለሰለት።

ማታ ሚስቴ፣ ለወንድሟ ሠርግ፣ ካባውን ከሳጥን አወጣች፤
ገልብጣ አየችው።
«ገበሩስ?»
ጣሪያውን አየሁ።