ከዝናብ በታች ሦስት አፍ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል።
የእኔን ያወጣው ግን አባቴ ነው፤
ዓሣ እየጠበሰ፣ ድንች እየላጠ፣
በስካሎዌይ ወደብ ጥግ፣ ነፋስ በሩን እየደበደበው።
ለመዝጋቢዋ በአፉ ነገራት፤
እሷም በጆሮዋ ልክ ጻፈችው፤
አራት የላቲን ፊደል። ሊንግ።
ሌላውን ጽሕፈት፣ የአገሩን፣
ሰባት ዓመት ሲሞላሽ አስተምርሻለሁ እንዳለኝ
በስድስተኛው ልቡ ቀጥ አለች።
እናቴ የደሴቲቱ ልጅ ናት፤
ከጽሕፈቱ የምታውቀው የሂሳብ ቁጥሮቹን ብቻ።
"ሲጠራሽ ደስ ይለው ነበር፤ አይበቃሽም?"

ትምህርት ቤት ስገባ ስሜ ሸተተ።
"ሊንግ! በጨው ታሽታ፣
ድንጋይ ላይ ተሰጥታ!"
ጎረቤታችን ራስሚ፣ ዘጠናን የተሻገረው፣
ልጆቹን በዱላው በትኖ ጀልባ ቤቱ አስገባኝ።
"ስሚ። ሊንግ ማለት ረጅም ማለት ነው፤
ከሰው ቁመት የሚተካከል ዓሣ።
አያቴ ስድስት ሆነው ቀዝፈው፣
መሬት ከዓይናቸው እስኪጠፋ ርቀው፣
ውሃ ላይ ያነጉ ነበር ለሱ ሲሉ።
ለባለርስቱ ግብሩ እሱ፣ ለክረምቱ ቀለቡ እሱ።
ያልተመለሱም አሉ።
ሊንግ ሲባል የሰማ ኮፍያውን ያውልቅ!"

መምህርት ኦስላ፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ፣
ከኮረብታው ቅርንጫፍ ቆርጣ መዳፌ ላይ አኖረች፤
ደረቅ፣ ሐምራዊ፣ ንብ ያልጠገበችው።
"ይህም ሊንግ ነው፤ ነፋስ አጎበጠው እንጂ አልነቀለውም።"
ፖስተኛው ደግሞ በደቡብ፣ በእንግሊዞቹ ሜዳ፣
ሊንግ የሚባሉ አማቾች እንዳሉት ነግሮኝ
በዘመድ ዓይን አየኝ።

አክስቴ ከሆንግ ኮንግ ስትደውል ጠየቅኋት።
ሳቀች። "የቱ ሊንግ? ድምፁ አንድ፣ ልብሱ ብዙ!
ደወል አለ። አረንጓዴ ዕንቁ ሲነካካ የሚያሰማው አለ።
በረዶ አለ። ከኩሬ የሚለቀም ባለ ሁለት ቀንድ ፍሬ አለ።
ዜሮም አለ።" ቆም አለች። "ነፍስም አለ።
ወንድሜ የቱን እንዳለ አልነገረንም፤
ስልክ ያኔ በደቂቃ ነው የሚከፈለው፤
ለትርጉም አይተርፍም ነበር።"

ስሜ ሰም ሆኖ ኖረ፤ ባቀለጥሁት ቁጥር
ወርቅ ስጠብቅ፣ ሌላ ሰም ከሥር።

ሱቁን ስንሸጥ፣ ከማቀዝቀዣው ጀርባ
የትእዛዝ ደብተሩ ወጣ፤ ዘይት የጠጣ፣ ጠርዙ የተበላ።
ሐሙስ ሐሙስ፣ በእጁ፣
ሃዶክ ይህን ያህል ሣጥን፣ ድንች ይህን ያህል ከረጢት።
ከዚያ ለሦስተኛው ዓሣ አንድ ምልክት፤
ላዩ ዝናብ፣
ከዝናቡ በታች ሦስት አፍ፣
ከአፎቹ ሥር የሚጨፍሩ የሚመስሉ ሁለት ሰዎች።

ፎቶውን ላክሁላት። "ነፍስ" አለች አክስቴ።
ወዲያው ደግሞ፣ "ግን ለዓሣ ነው የጻፈው፤
ድምፁን ብቻ ፈልጎ ይሆናል።
ብዙ አልተማረም፤ የሚችለውን ሊንግ ጻፈ።"

ቀኑን አየሁ፤
እኔ ልወለድ አራት ሳምንት ሲቀረኝ ነው።
በዚያው ገጽ፣ ኅዳጉ ላይ፣
ያለ ዋጋ፣ ያለ ሣጥን ቁጥር፣
እጁን እንደሚያሟሽ ሰው
ያንኑ ምልክት ሁለት ጊዜ ደግሞታል።
ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያምራል።

ወደብ ወረድሁ። ራስሚ ከሞተ ቆየ።
በረዶ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ረጅም፣
ከአገጩ አንዲት ጺም ተንጠልጥላ፣ አፉ እንደ ተከፈተ።
ያካፋል።
"ሊንግ ነው፣ የዛሬ" አለኝ ልጁ። "ስንት ኪሎ?
በማን ስም ልጻፈው?"
ኮፍያዬ በእጄ ነበር፤ ውሃው በአንገቴ ይወርዳል፤
አራቱንም ፊደል፣ ቀስ ብዬ፣ ቆጠርሁለት።