የሚረጋና የማይረጋ

ተነሽ፣ ኡራይ፣ ተነሽ፤ ከሌሊቱ ሰባት ነው፤
የጎማ ዛፍ ወተት የሚወርድ ሲበርደው፤
ፀሐይ ስትወጣማ ይዘጋል ጉሮሮው።
የቢላ አያያዙን ኋላ ትለምጃለሽ፤
ዛሬ ስለ እግር ነው፤ ቆይ፣ ስሚኝ ልንገርሽ።

ይሄ ቦቲ ያንቺ ነው። ይሞቃል፤ ይከብዳል፤
ላብ ያጠራቅማል፤ ተረከዝ ይልጣል፤
አውልቂኝ አውልቂኝ ይልሻል እንደ ሰይጣን፤
እንዳትሰሚው ብቻ። ከዚሁ ወተት ነው የተሠራልን፤
የቆሰለው ዛፍ ነው እግር ያለበሰን።

መብራቱ ግንባርሽ ላይ፣ ዓይንሽ ግንዱ ላይ፣
እጅሽ ልጡ ላይ፤
እግርሽ ግን ጨለማ ውስጥ ብቻውን ነው።
ስለዚህ ከየዛፉ ሳትደርሺ ቁሚ፤
መብራቱን ዝቅ አድርጊ፤ ቅጠሉን ገምግሚ፤
በቀርከሃው ነካ ነካ፤ ትንሽ ቆይተሽ ስሚ።

ሌላው እባብ ኮቴ ሲሰማ ይሄዳል፤
ይሄ እፉኝት ግን፣ ካፓ የምንለው፣ ይቀመጣል።
ቅጠል ነኝ ይላል፤ የወደቀ ቅጠል፤ የማንም ያልሆነ፤
ሰው ሲረግጠው ነው እባብ የሆነ።
ነክሶ እንኳ አይሸሽም፤
እዚያው ነው፤ አይነሣም።

እባብ ያየ በልጥ ይበረግጋል፤ እሺ፤ ይሁን፤
ልጥ መላጥ ነው እኮ የኛ ሥራችን!
ከየግንዱ ሥር ሺህ ልጥ ተጠቅልሎ ይጠብቀናል፤
ስንቱን እንፈራለን? ልብ አንድ ነው፤ ያልቃል።

አማትሽ ዊቺየን፣ ዝናብ ያባራ ለት፣ በነጠላ ጫማ ወጣ፤
“ሁለት ረድፍ ናት የቀረችኝ” ብሎ፤ በዚያች መጣ ጣጣ።
አርባኛው ዛፍ ሥር፣ “ላምዱዋን፣ ነከሰኝ” ሲል፣
ድምፁ ልዝብ ነበር፤ የዓሣ ዋጋ እንደሚጠይቅ ያህል።
አንዱ ገመድ አመጣ፤ አንዱ ምላጭ፤ አንዱ ልምጠጠው አለ፤
ማንንም አላስነካሁ፤ እንደተጋደመ፣ እግሩ በዱላ እንደተደገፈ፣
በጎረቤት መኪና ተጫነ፤
ትራንግ ሆስፒታል እስኪደርስ እግሩ የዝሆን ሆነ።

ነርሷ ደሙን ቀድታ ቱቦውን ጠረጴዛ ላይ አቆመችው፤
“ሃያ ደቂቃ፤ ከረጋ ደግ ነው” አለች፤ ሰዓቷን አየችው።
እኔ መርጋት አውቃለሁ። ዕድሜዬ ያለቀው እሱን ስጠብቅ፤
አሲዱ ጠብ ሲልበት ወተቱ እንዴት እንደሚቋጥር፣ እንደሚጠብቅ፣
በጣት ሲነኩት እንደ ሕፃን ጉንጭ መልሶ እንደሚገፋ።
ቆጠርኩ። ሃያው አለቀ።
ቱቦውን ዘቅዘቅ አደረገችው፤
ደሙ እንደ ውሃ ሄደ።

በነጋታው ሌሊት ብቻዬን ወጣሁ፤ ዕዳ አይተኛም ብዬ፤
አርባኛው ዛፍ ሥር፣ እዚያው፣ እንደ ትናንቱ፣ አየሁት በዓይኔ።
በረጅሙ ቀርከሃ ቀጠቀጥኩት፤ የምር ቅጠል እስኪሆን ድረስ፤
ስልኩ ጮኸ፤ ልጄ ነው፤ “ገና አልረጋም” አለኝ፤ ሊያለቅስ።
ቆምኩ። ከዛፉ ላይ ወተት ጠብ ይላል፤ ጠብ፤ አይቸኩልም።
ለካ እባቡን ቢገድሉት ደሙ ወሬውን አይሰማም፤
መግደል አያረጋም።

በሦስተኛው መርፌ ረጋ። ሁለት የእግር ጣት ቀሩ እዚያ፤
አሁን ጎማውን በመዳመጫ የሚያሳልፍ እሱ ነው፤ ሌሊት አይወጣም ከዚያ ወዲያ።

ዛሬ ባገኘው ዞሬው አልፋለሁ፤ ያን ዛፍ ሳልቆርጠው፤
የአንድ ጽዋ ወተት ለሱ ይሁን፤ ዋጋው ስንት ነው?
ደግነት እንዳይመስልሽ። እጠላዋለሁ እስከ ዛሬ።
በይ፣ ቦቲሽን ገልብጠሽ አራግፊው፤
ጊንጥ ይገባበታል፤ ያ ደግሞ ሌላ ወሬ።